በሽተኛ የማይጭነው ሞተር

«የካሱ ሞተር ጤነኛ ሲጭን ይሄዳል፤ በሽተኛ ሲጭን ይታመማል።»

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት አርባ ምንጭ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከማላውቀው ሰው አፍ ነው። ሰውየው እየቀለደ ነበር። እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ተነሳሁና ካሱ የእህቴ ባል እንደነበር፣ ከሞተ ዓመት እንዳለፈው፣ ሞተር ደግሞ ብረት እንጂ ህሊና እንደሌለው ቤቱ ሁሉ እየሰማ ነገርኩት። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀኝ። ወሬው ግን ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም። ከገረሴ ደጋ ወርዶ ከተማ ገብቶ ነበር፤ በሳምንቱ እህቴ ደጃፍ ደረሰ።

ካሱ የገረሴ ልጅ ነው። በነጭ አባዱላ ሚኒባስ ከአርባ ምንጭ ወደ ገረሴና ወደ ዶርዜ ደጋ ሰው ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን ባዶውን ሲመለስ ዶርዜ መታጠፊያው ላይ ተገለበጠና ብቻውን ሞተ። የመኪናው አካል ተጨማዶ ለምንም አልሆነም፤ ሞተሩ ግን አልተነካም። ገዢዎች ገና ከሐዘኑ ድንኳን ሳይወጡ መጠየቅ ጀምረው ነበር። እህቴ አገርነሽ አልሸጠችም። የገረሴ እድር የታመመ የሚያወርድበት፣ የሞተ የሚያወጣበት አንድ ፒክአፕ አለው፤ የእሱ ሞተር ነክሶ ሲቆም የባሏን ሞተር በነጻ ሰጠች። የሁለቱ መኪኖች ሞተር አንድ ዓይነት ስለነበር ይገጥማል ተባለ።

«ለምን እትዬ?» ስላት፣ «የታመመ ሰው ይጫንበት» ብቻ አለችኝ። እኔም በየሄድኩበት እህቴ እንዲህ አደረገች እያልኩ ኮራሁ።

ሞተሩን የቀየረው ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ጋራዥ ያለው ዘመድኩን ነው። ከሌላ አገር መጥቶ አርባ ምንጭ የከረመ፣ እጁ የሚታመን መካኒክ ነው። ፒክአፑ ከጋራዡ ሲወጣ ደህና ነበር። ሹፌሩ ይፍሩ ቀትር ላይ ነዳው፤ ዳገቱን ወጣ፤ ገረሴ ሲደርስ የእድሩ ሰዎች እልል አሉ። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን በሽተኛ ጭኖ መውረድ ሲጀምር ግን ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከማርሚታው ጥቁር ጢስ ወጣ። ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ቤንዚን ቤንዚን የሚለው ሽታ ከኋላ የተኛውን በሽተኛ አስታወከው። እንደምንም እየገፉ ከተማ አደረሱት።

ዘመድኩን ካንዴላዎቹን ፈታቸው። አራቱም ከሰል የተቀቡ ይመስሉ ነበር፤ እርጥብና ጥቁር። «ቤንዚን በዝቶበታል፤ ማቃጠል አቅቶታል» አለ። አዲስ ካንዴላ አስገባ። ኢንጀክተሮቹን አወረደና አጠበ። የአየር ማጣሪያውን ቀየረ። ኮምፒውተር አስሮ አነበበ፤ ማሽኑም ያንኑ ነገረው፤ ቤንዚን በዝቷል። ለምን እንደበዛ አልነገረውም። ዘመድኩን ጢሱን የሚለካውን ሴንሰር ጠርጥሮ እሱንም ለወጠው። ፒክአፑ ከጋራዡ ደህና ሆኖ ወጣ፣ ዳገቱን ወጣ፣ በሽተኛ ጫነ፤ መልሶ ታመመ።

እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላውቅም። አንድ ቀን ጋራዡ ሄጄ ተጣላሁት።

«እዚህ ስታስነሳው ምን ይሆናል?»

«ጠዋት ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ቀትር ላይ ከሆነ ምንም አይል።»

«እላይስ?»

«እኔ እላይ አልኖርም ወንድሜ! እላይ የሚሆነውን ይፍሩን ጠይቅ።»

«ይፍሩ መካኒክ ነው?»

«አንተስ መካኒክ ነህ? የሲቪክስ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ሕገ መንግሥቱን ሂድና አስተምር፤ ሞተሩን ተወው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ሳምንት አንዲት ወላድ ፒክአፑ መሀል መንገድ ላይ ጠፍቶባት፣ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወርደው ነበር። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ያን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ደጋ በእድር መዋጮ በሚንቀሳቀስ አንድ የተጠጋገነ ፒክአፕ ላይ ተንጠልጥሎ ሲኖር የሚጠየቅ ባለሥልጣን አልነበረም። ይህን በየስብሰባው ተናግሬዋለሁ፤ ተጨብጭቦልኝ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ሰዉ የሚጠይቀው ሲያጣ የሞተውን ካሱን ጠየቀ።

ወሬው የተነሳው ከአባ ኦይታ ነው። አባ ኦይታ ገረሴ ከመንገዱ በላይ የሚኖር፣ ጥቂት የሚናገር ሽማግሌ ነው። ካሱ ከመሞቱ አስቀድሞ በነበረው ክረምት ልጁ ሻሺቱ በወሊድ ደም ፈሷት፣ በቃሬዛ አውርደዋት፣ መኪና ሲጠብቁ መንገድ ዳር ሞታበታለች። «ነጭ አባዱላ እጃችንን እያየ አለፈን» ብሏል፤ ከዚያ በላይ አላለም። ቀሪውን ሰፈርተኛው ጨመረበት፤ አባዱላው የካሱ ነው፤ ካሱ ሳይናዘዝ ሞተ፤ ስለዚህ ጎሜ አለበት። ጎሜ በጋሞ ያልተነገረ ጥፋት የሚያስከትለው መዘዝ ነው። በዝናብ፣ በከብት፣ በልጅ ላይ ይወርዳል ይላሉ። አሁን ደግሞ ሞተር ላይ ወረደ ተባለ። ካሱ በሽተኛ ስላልጫነ ሞተሩም በሽተኛ አይጭንም።

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። ነጭ አባዱላ በዚህ አገር ስንት አለ? ምስክሩስ ማነው? የሞተ ሰው ቆሞ መልስ አይሰጥም፤ እሱን መክሰስ ደግሞ በጣም ይቀላል። እነዚህ ሰዎች እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፤ የሞተር ችግር ሲገጥማቸው ግን የሚፈልጉት ኃጢአተኛ ነው።

ሽማግሌዎቹ እህቴን ዱቡሻ ላይ ጠሯት። ዱቡሻ ሽማግሌ ሸንጎ የሚቀመጥበት ሣር ያለበት ሜዳ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ በባልሽ ፋንታ ትናገሪያለሽ፤ ካልተናገርሽ ሞተሩ ይወርዳል፣ ከቀበሌው ወጥቶ ይጣላል።

«አትሄጂም» አልኳት።

«እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ አንቺ የወንጌል አማኝ ነሽ። ጎሜ ምንሽ ነው?»

ነጠላዋን አስተካከለች። ጫኖ ካሏት የሙዝ ተክሎች መጥታ እግሯን እንኳን አልታጠበችም ነበር። «ታዴ፣ ያ ሞተር ከወረደ ካሱ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው። ይህን አልፈቅድም። አንተ ከፈለግህ ና፤ ግን አፍህን ያዝ።»

ሄድን። ዘመድኩንንም ይዤው ወጣሁ፤ ሥራህን መጥተህ አስረዳ ብዬ። ይፍሩ ቀድሞ ፒክአፑን አድርሶት ሜዳው ጠርዝ ላይ አቁሞት ነበር። ጠዋት ነው። ጉም ወርዶ እንሰቱን ሸፍኖታል። ሽማግሌዎቹ ቡልኳቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አለምሰገድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። መካኒኩ ጋሞኛ ስለማያውቅ ነገሩ በአማርኛ ይሁን አሉ።

አባ ኦይታ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል።

አለምሰገድ ባርከው ጀመሩ። «ልጄ አገርነሽ፣ አንቺ ክፉ አላደረግሽም። ደግ ነው ያደረግሽው። ግን የሰጠሽን ነገር ሰው እየጎዳ ነው። ባልሽ ሳይናገር የቀረ ነገር ካለ...»

አፌን መያዝ አልቻልኩም። «ካለ ማለት ምንድን ነው? ማስረጃ አላችሁ? የሞተ ሰው ስም በግምት ይጠፋል? ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል እኮ ነው የተባለው! ቤንዚን! ኃጢአት አልተባለም!»

«ይሄ ልጅ የማነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ወንድሟ ነው። አስተማሪ ነው።»

«እሱማ ያስታውቃል» አሉ፤ ሜዳው ሳቀ።

እህቴ ተነሳች። ሳቁ ቆመ።

«እናገራለሁ» አለች። «ስለ ባሌ የማውቀውን እናገራለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን ይህ ሞተር ከካሱ መኪና ከወረደ ወዲህ በብዙ እጅ አልፏል። መጀመሪያ፣ የነካው ሁሉ እጁ ያደረገውን እዚህ ይናገር። ትንሽ ነው ብሎ አይተው። እኔ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። ወይስ ጎሜ የሚጠየቀው ከመበለት ብቻ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አለምሰገድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ብላለች። ሥርዓቱም ይኸው ነው። ሁሉም ቤቱን ይፈትሻል። ይፍሩ፣ ተነስ።»

ይፍሩ ተነሳና ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ ምን አደረግሁ... ቤንዚን ከማደያ ስናጣ በጀሪካን ከሚሸጡት ገዝቻለሁ።»

«ውሃ የቀላቀሉበትን?»

«ያልቀላቀሉበትን ፈልጌ ነው አባ።»

«ሌላስ?»

«አንድ ጊዜ ፍየል ጭኛለሁ። ለእድሩ አልተናገርኩም።»

«የማን ፍየል?»

«የአማቴ።»

ሳቁ። ይፍሩም ደፈር አለ። «ሞተሩን ግን በደንብ ነው የያዝኩት። አስጨንቄው አላውቅም። የሙቀት ጠቋሚዋ ሁልጊዜ ከታች ተኝታ ነው የምትውለው፤ እግዚአብሔር ይመስገን አንድ ቀን እንኳን ተነስታ አታውቅም።»

ይህን በኩራት ነው የተናገረው። ማንም ልብ አላለውም። ዘመድኩን ብቻ ቀና ብሎ አየው።

ከዚያ የዘመድኩን ተራ ሆነ። ደስ ሳይለው ተነሳ፤ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። «እኔ እንግዲህ ሥራዬን ነው የሠራሁት። ሞተሩን ከአባዱላው አወረድኩ። ዘይቱን ቀየርኩ። ሽቦውን ከነኮምፒውተሩ አዛወርኩ፤ አንድም አልቆረጥኩም። የውሃውን ጎማዎች ቀየርኩ። ቴርሞስታቱን አወጣሁ። ፍሪሲዮኑን...»

«ቀስ በል» አሉ አለምሰገድ። «አወጣሁ ያልከው ምንድን ነው?»

«ቴርሞስታት ነው አባ። ትንሽ ነገር ናት። ሞተሩ ውስጥ ውሃ ይዞራል፤ እሷ ለውሃው በር ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ትዘጋለች፤ ሲሞቅ ትከፍታለች።»

«ተበላሽታ ነበር?»

«አይ፣ ደህና ነበረች።»

«ታዲያ ለምን አወጣሃት?»

ዘመድኩን ፈገግ አለ፤ ለልጅ የሚነግር መሰለ። «እኛ ሁልጊዜ እናወጣታለን። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከተማው ሁሉ ያወጣታል። ተዘግታ ከቀረች ሞተር ታፈላለች። አገሩ ደግሞ ቆላ ነው፤ ሙቀት ነው። ምን ያደርጋል እሷን...»

አለምሰገድ ቡልኳቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ። «ይሄ ቆላ ነው?»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ዘመድኩን ግን አልሳቀም። አፉ እንደተከፈተ ጉሙን አየ። እጁን ከኪሱ አወጣና ጣቶቹን አፍታታ፤ በርዶት ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ይፍሩ ዞረ።

«ጠቋሚዋ ተነስታ አታውቅም ነው ያልከው?»

«አታውቅም።»

«ቁልቁለት ላይም?»

«ቁልቁለት ላይማ ጭራሽ ትሞታለች።»

«አስነሳው።»

ይፍሩ አስነሳው። ሞተሩ እንደ በሽተኛ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጢስ ሜዳው ላይ ለቀቀ። ሽማግሌዎቹ አፍንጫቸውን በቡልኳቸው ያዙ። ዘመድኩን ኮፋኖውን ከፍቶ መዳፉን ከራዲያተሩ በላይ ያለው የውሃ ጎማ ላይ አሳረፈ። ብዙ ጠበቀ። እጁን አላነሳም። በሥራ ላይ ያለ ሞተር ጎማው እጅ ያቃጥላል፤ ይህኛው ግን ገና ያልተነሳ ሞተር ያህል ቀዝቃዛ ነበር።

«ቢላ ያለው ሰው?» አለ። አንዱ ሰጠው። ከሜዳው ጠርዝ ካለው አጥር ዘሎ ገባና ሰው የሚያህል የእንሰት ቅጠል ቆርጦ መጣ። የራዲያተሩን ፊት በቅጠሉ ሸፈነው፤ ነፋስ እንዳይገባ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ከኋላዬ አንዱ።

«ብርድ ልብስ እያለበሰው» አለ ሌላው።

ዘመድኩን ከጢሱ መሀል ሆኖ ነገረን። ኮምፒውተሩ የሚያየው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃው ከቀዘቀዘ ሞተሩ አሁን የተነሳ ይመስለዋል፤ እስኪሞቅ ብሎ ቤንዚን ይጨምርለታል። ቆላ ቀትር ላይ አየሩ ራሱ ያሞቀዋል። ሲወጣ ዳገቱ ያሞቀዋል። ጠዋት ከዚህ ብርድ ቁልቁል ሲወርድ ግን የሚያሞቀው የለም፤ ሙቀቱን የሚይዝለትን በር ደግሞ ዘመድኩን ራሱ አውጥቶታል። ስለዚህ ቤንዚን ይጨመራል፣ ይጨመራል፤ እስኪታነቅ።

«በሽተኛስ?» አሉ አለምሰገድ። «ለምን በሽተኛ ሲጭን ብቻ?»

«በሽተኛ የምታወርዱት መቼ ነው?»

«ሌሊቱን ታሞ ያደረውን... ጠዋት» አሉ ሽማግሌው።

ጠቋሚዋ ንቅንቅ አለች። ይፍሩ መስኮቱን ከፍቶ ጮኸ። ቀስ በቀስ ወጣች። ጢሱ ግራጫ ሆነ፤ ከዚያ ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። መንቀጥቀጡ ከመሪው፣ ከበሩ፣ ከኮፋኖው ለቀቀ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ጸጥ ብሎ ይሠራ ጀመር። ቅጠሉ በሙቀቱ መጠውለግ ጀምሯል፤ ዘመድኩን ግን አልለቀቀውም። «ጋራዤ ውስጥ ያወጣኋቸው በሮች አንድ ጣሳ ሙሉ አሉ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አላውቅም። «የካሱም እዚያው ነች። ዛሬውኑ እመልሳታለሁ።»

ሰዉ ተነሳ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሞተሩን ይነካል። እኔ ለቀናት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝና ወደ አባ ኦይታ ዞርኩ። «ታዲያ ጎሜው የታለ? በር ነው የጎደለው፤ የቆርቆሮ በር! የሰው ስም ስታጠፉ...»

«ታዴ፣ ተቀመጥ።»

እህቴ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም ነበር። አሁን ተነሳች። «ሁላችሁም ተቀመጡ። የእኔ ተራ ገና ነው።»

«እትዬ፣ አያስፈልግም! ተሠርቷል እኮ!»

«ሞተሩ ዳነ ብዬ ቃሌን ልብላ?»

ሰዉ ተቀመጠ። እህቴ ወደ አባ ኦይታ እንጂ ወደ ሽማግሌዎቹ አላየችም።

«ነጩ አባዱላ የካሱ ነበር፤ የዚያኑ ቀን ማታ ነገረኝ። ወንበሮቹን በዚያው ሳምንት አዲስ ጨርቅ አልብሷቸው ነበር። ደሙን ሲያይ... ሌላ መኪና ይመጣል ብዬ ነው አለኝ። እጃችሁን ስታነሱ አይቷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቦታ ሲያልፍ ሬዲዮኑን ይዘጋ ነበር። መጥተህ ንገራቸው አልኩት፤ ነገ ይለኝ ነበር። ነገ እንዳለ ሞተ። እኔም ዝም አልኩ። ሞተሩን የሰጠሁት ለዚህ ነው።»



ለመጀመሪያ ጊዜ ንዴቴ የሚያርፍበት አጣ። ካሱ ላይ እንዳይሆን ሞቷል። አባ ኦይታ ላይ እንዳይሆን እውነቱን ነው የተናገረው። እህቴ ላይ ሊሆን አይችልም።

አባ ኦይታ ቀና አለ። «አውቆኛል?» አለ።

«አውቆሃል አባ።»

«እኔ እኮ...» ቃሉን ፈለገው። «እኔ እኮ ፀሐይ ዓይኑን ይዞት ይሆናል እል ነበር። ጠዋት ስለነበር። ሰው ሲጨምርበት ዝም አልኩ እንጂ፣ ለራሴስ ፀሐይ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።»

እህቴ አላለቀሰችም። ሣሩ ላይ ተንበረከከች። አለምሰገድ እርቁ ዛሬ እንደማያልቅ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በሌላ ቀን በሥርዓቱ እንደሚቀመጡ ተናገሩ። ስለ ሞተሩ አባ ኦይታን ጠየቁት። «አይውረድ» አለ። «ሥራ አለበት።»

ከዚያ ተነስቶ ሄደ። የተቀየመ መስሎን ነበር። ሲመለስ ከጓሮው የቆረጣቸውን ሁለት ትኩስ የእንሰት ቅጠሎችና አንድ እጅ ቃጫ ይዟል። ዘመድኩንን ገፋ አድርጎ የጠወለገውን አነሳ፤ አዲሶቹን ራዲያተሩ ፊት ደርቦ በቃጫው አሰራቸው። ቋጠሮውን ሁለቴ ሞከረው። ሳይጠየቅ ከይፍሩ ጎን ገባ።

እህቴ ከኋላ ከእኔና ከዘመድኩን ጋር ተቀመጠች። ቁልቁል ወረድን። ዓይኔ ከማርሚታው ላይ አልተነሳም፤ ጢስ አልነበረም። ጥቂት እንደሄድን አባ ኦይታ የይፍሩን ክንድ ነካ። «እዚህ ጋ» አለ።

ከመንገዱ ዳር፣ ያን ጠዋት መኪና በጠበቁበት፣ ድንጋይና አንድ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ብቻ ነበር። ይፍሩ አቆመ። እጁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ዘመድኩን ከኋላ «አታጥፋው!» አለ፤ ከዚያ ራሱን ገታ። «እሺ፣ እንዳሻህ። ይነሳል።»

ይፍሩ አላጠፋውም። እህቴና አባ ኦይታ ወርደው ጉቶው አጠገብ ቆሙ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ቆሞ ጠበቃቸው።